ሁለቴ በትእዛዝ የተለቀቀው ምሽግ

አድናቂው፦ ስለ ምሽግ ከተነሣ እኔ ከሩፔል የሚበልጥ አላውቅም። ግሪክ ከቡልጋሪያ በምትዋሰንበት፣ የስትሪሞን ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ በሚወርድበት ጠባብ በር ላይ ያለ ነው። ጀርመኖች በእኛ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 6 ቀን 1941 መሆኑ ነው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ተኩስ ከፈቱበት። አራት ቀን ሙሉ ደበደቡት፤ አልገቡበትም።

ተጠራጣሪዋ፦ ቆይ ጋሼ። ኤፕሪል 9 ተሰሎንቄ ተይዛለች፤ ተሰሎንቄ ደግሞ ከምሽጉ በስተኋላ ናት። ካልገቡበት በየት በኩል ደረሱ?

አድናቂው፦ በዩጎዝላቪያ ዞረው ነዋ። 2ኛው የፓንዘር ክፍለ ጦር በስትሩሚጻ አድርጎ፣ በዶይራን ሐይቅ በኩል ወርዶ ከተማዋ ገባ። እኛ ወታደሮች ቆረጣ የምንለው ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ እንግዲህ በር ጠባቂው አልተሸነፈም፤ ቤቱ ግን ተዘረፈ።

አድናቂው፦ አፍሽ ይፈጥናል። ግን በሩን ሳይሞክሩት የዞሩ እንዳይመስልሽ። ምሽግ ስልሽ ደግሞ እንደ ጎንደር ግንብ ከሩቅ የሚታይ ነገር አታስቢ። ከውጭ ስታዪው ኮረብታ ነው። እዚህም እዚያም የኮንክሪት ቆብ ብቅ ብሎ ይታይሻል፣ ከሥሩ አንድ ጠባብ የመተኮሻ ቀዳዳ አለው። ሥራው ሁሉ ከመሬት በታች ነው። መተላለፊያዎቹና መጠለያዎቹ ቢቀጣጠሉ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ወጥ ቤቱ፣ የቁስለኛ ማከሚያው፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የአየር ማመላለሻው እዚያው ውስጥ ነው። ወደ 1000 የሚጠጋ ሰው ነበረበት፤ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ዮርጎስ ዱራጾስ። እኔ ምሽግ ውስጥ ሆኜ በከባድ መድፍ ተደብድቤ ስለማውቅ ልንገርሽ፤ የሚያስጨንቅሽ ጥይቱ አይደለም፣ አየሩ ነው። ምቱ ባረፈ ቁጥር ደረትሽ ላይ ይጫናል፣ አቧራው ጉሮሮሽ ላይ ይቀራል፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ እየጠበቅሽ ትቆጥሪያለሽ። እነዚያ ሰዎች ከላይ በአውሮፕላን፣ ከፊት በመድፍ እየተመቱ ወደ መትረየሳቸው ይመለሱ ነበር። ፊት ለፊት የመጣባቸው 125ኛው የእግረኛ ሬጅመንት ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ ከዘመቻው እንዲወጣ ተደርጓል። ይኼ የጀርመኖቹ የራሳቸው ታሪክ ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ጀግንነታቸውን አልካድኩም። የምጠይቀው ጀግንነቱ ምን እንደያዘ ነው። ደግሞም የዞሩት በዩጎዝላቪያ ብቻ አይደለም። 6ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ግሪኮች ሰው አይሻገረውም ያሉትን፣ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውንና በረዶ የተኛበትን የቤለስን የተራራ ሰንሰለት አልፎ በሁለተኛው ቀን ማታ ወደ ተሰሎንቄ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ላይ ደርሷል። ሩፔል ባለበት በዚያው የምሽግ መስመር ላይ ኢስቲበይና ኬልካያ የሚባሉት ምሽጎች ሲወድቁ ጀርመኖቹ ጣሪያቸው ላይ ቆመው በአየር ማስገቢያው ጭስና እሳት ይለቁባቸው ነበር። ስለዚህ ስለ ሩፔል ብቻ ሲያወሩ መስመሩን ሁሉ እያወሩ አይምሰልዎ።

አድናቂው፦ 21 ምሽጎች ነበሩ። የወደቁት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ እጅ የሰጡት መኮንኖቹ ከፈረሙ በኋላ ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ፈርመዋል አይደል? ለመሆኑ ይኼ ምሽግ በትእዛዝ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ነው?

አድናቂው፦ አውቄብሻለሁ፤ የፈረንጁን 1916 ልታመጪብኝ ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ አመጣዋለሁ እንጂ! ሩፔል 1941 ላይ የተወለደ አይደለም። የባልካን ጦርነቶች በ1913 ሲያበቁ ግሪክ አዲሱን ወሰኗን ለመጠበቅ እዚያው በር ላይ የመጀመሪያውን ምሽግ ሠራች። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ገለልተኛ እንሁን አለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቬኒዜሎስ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር እንሰለፍ አለ። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ያኔ ተሰሎንቄ ላይ ሰፍሯል። ሜይ 26 ቀን 1916 ቡልጋሮችና ጀርመኖች መጡ። ከምሽጉ ጥቂት ተተኮሰ፣ ከአቴና ትእዛዝ መጣ፣ ምሽጉ ተለቀቀ። ከዚያ ቡልጋሮች ምሥራቅ መቄዶንያን ሸፈኑት። ካቫላ ላይ የነበረው የግሪክ 4ኛው ኮር ሳይዋጋ ተጭኖ ጀርመን አገር ጎርሊትዝ ድረስ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ቬኒዜሎስ ተሰሎንቄ ላይ ሌላ መንግሥት አቆመ። ንጉሡ በ1917 ዙፋኑን ለቅቆ ወጣ። የአንድ ምሽግ መለቀቅ ብቻውን ነው ይህን ያመጣው አልልም፤ ግን ክብሪቱ እሱ ነበር።

አድናቂው፦ እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። 1916 ላይ ሳይዋጉ ለቀቁት፣ አገር ተዋረደ። 1941 ላይ ተዋጉ።

ተጠራጣሪዋ፦ 1916 ላይ ከንጉሡ ጎን ቆመው ገለልተኝነትን ከመከሩት የጦር መኮንኖች አንዱ ማን ነበር?

አድናቂው፦ ዮአኒስ ሜታክሳስ።

ተጠራጣሪዋ፦ የ1941ዱ መስመርስ በማን ስም ይጠራል?

አድናቂው፦ በእሱው። እና? ሰው ከወደቀበት ቦታ ተነሥቶ ግንብ ቢሠራ ምን ነውር አለው? በ1936 ሥልጣን ያዘ፣ በዚያው ዓመት መሬቱ ተቆፈረ። ንስሐ በይው።

ተጠራጣሪዋ፦ ተቃዋሚውን እያሠረ፣ ወደ ደሴት እያጋዘ፣ በሰሜን ግሪክ የሚኖሩ የስላቭ ቋንቋ ተናጋሪዎችን በገዛ ቋንቋችሁ አትናገሩ እያለ ንስሐ? ምሽጉን ከውጭ ጠላት ለመከላከል ሠራ፤ ከምሽጉ ጀርባ ያለውን ገበሬ ደግሞ እንደ ጠላት ቆጠረው።

አድናቂው፦ ስለ ሰውዬው አልከራከርሽም። ሜታክሳስ ጃንዋሪ 1941 ላይ ሞቷል፣ ውጊያውን አላየውም። እኔ የምከራከርሽ ስለ ሥራው ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ስለ ሥራው እንነጋገር እንግዲያው። የፊት በሩን በብረት ቆልፎ የጓሮውን አጥር ለጎረቤት አደራ የሰጠ ሰው ቤቴን ጠበቅኩ ይላል? የመስመሩ ምዕራባዊ ጫፍ ዩጎዝላቪያ ወሰን ላይ ያበቃል። ከሜይ 1940 በኋላ ደግሞ ፈረንሳይ ላይ የሆነውን ያላየ የለም። ጀርመኖች የማዢኖን የምሽግ መስመር ዞረው ነው የገቡት።

አድናቂው፦ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣሽ። ለመሆኑ መስመሩ በማን ላይ ነው የተሠራው?

ተጠራጣሪዋ፦ በጀርመን ላይ አይደለም ሊሉኝ ነው።

አድናቂው፦ አይደለማ! የተሠራው በቡልጋሪያ ላይ ነው። ቡልጋሪያ ከ1913ም ከ1919ም በኋላ መሬቴ ተወስዷል ባይ ነበረች። በ1934 ግሪክ፣ ቱርክ፣ ዩጎዝላቪያና ሮማኒያ የባልካን ውል ተዋዋሉ፤ ውሉ ወሰን ልታፈርስ የምትፈልገውን ቡልጋሪያን ለመግታት ነበር። በ1938 ደግሞ ቡልጋሪያ እንድትታጠቅ በተሰሎንቄ ስምምነት ተፈቀደላት። ስለዚህ የጓሮው ጎረቤት ያልሽው ዩጎዝላቪያ የውል ወዳጅ ነው፤ አጥሩን ለወዳጅ መተው እብደት አልነበረም። አሁን ወደ ኦክቶበር 28 ቀን 1940 ነይ። ሙሶሊኒ ከአልባኒያ በኩል ገባ። ግሪኮች ምን አደረጉ? ሠራዊታቸውን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ አልባኒያ ግንባር አጓጓዙ፣ ጣሊያንን መልሰው ከወሰን አሻገሩት። ይህን ማድረግ የቻሉት በምሥራቅ በኩል ምሽጉ ላይ ጥቂት ጦር አስቀምጠው ልባቸው ስላረፈ ነው። ቡልጋሪያ ያን ክረምት አልተነቃነቀችም። ሩፔል ትልቁን ሥራውን የሠራው አንዲት ጥይት ባልተተኮሰበት ወራት ነው። ይህን የሚያወሳው ግን ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ አራቱ ቀን ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ቡልጋሪያ ያልተነቃነቀችው ምሽጉን ፈርታ ብቻ አይደለም፤ ቱርክንም እያየች ነበር። ሆኖም ይህን ክርክርዎን እቀበላለሁ፤ እስካሁን ካሉት ሁሉ ጠንካራው ነው። ግን ጋሼ፣ ይህ ክርክር ራሱ ይዞርብዎታል።

አድናቂው፦ እንዴት ሆኖ?

ተጠራጣሪዋ፦ መስመሩ በቡልጋሪያ ላይ የተሠራ ከሆነ፣ ማርች 1 ቀን 1941 ቡልጋሪያ ከጀርመን ጋር ስትፈርምና የጀርመኑ ሊስት 12ኛ ሠራዊት ዳንዩብን ሲሻገር ሥራው አበቃ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ ሰው ማስቀመጥ ምን ይሉታል? እንግሊዞች በፌብሩዋሪ መጨረሻ አቴና አጠገብ ታቶይ ላይ ከግሪኩ ዋና አዛዥ ከጄኔራል ፓፓጎስ ጋር ሲመክሩ፣ ጦሩ ከመቄዶንያ ወደ አሊያክሞን ወንዝ መስመር ይሰብሰብ ተባብለን ተለያየን ብለው ነበር የሄዱት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ኤደን በማርች መጀመሪያ ሲመለስ ጦሩ ካለበት አልተነሣም። ፓፓጎስ የዩጎዝላቪያን መልስ እየጠበቅኩ ነው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ይኼ አይደል?

አድናቂው፦ ፓፓጎስ ሞኝ አልነበረም። መስመሩን ለቀቀ ማለት ተሰሎንቄን ለቀቀ ማለት ነው። ጳውሎስ ደብዳቤ የጻፈላት ከተማ ስለሆነች አይደለም የምልሽ፤ ወደብ ስለሆነች ነው። ዩጎዝላቪያ ብትዋጋ ስንቅና ተተኳሽ የምታገኘው በእሷ በኩል ብቻ ነው። ማርች 27 ቤልግሬድ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ ከጀርመን ጋር የተፈራረሙት ሲገለበጡ ደግሞ ፓፓጎስ የጠበቀው የመጣ ይመስል ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያ ይፈራርሳሉ ብሎ ማን ገመተ?

ተጠራጣሪዋ፦ እንግሊዞች ገምተዋል።

አድናቂው፦ እንግሊዞችማ ምን አለባቸው፤ የሚለቀቀው የእነሱ መንደር አይደለ። በነገራችን ላይ ዌቭል የሚባለው የመካከለኛው ምሥራቅ አዛዣቸው ያኔ ለግሪክ ጦር የሚልከውም፣ በእኛ አገር ጣሊያንን የሚወጋውን ጦር የሚያዘውም እሱ ነበር። ሩፔል ላይ ተኩስ በተከፈተበት በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች። የኛ ነጻነት ሲነጋ የነሱ ሲመሽ። ሰውዬው ያን ቀን ሁለት ቴሌግራም በሁለት እጁ ይዞ ሳይቀመጥ አይቀርም እላለሁ።

ተጠራጣሪዋ፦ ስለ መንደር ካነሡ ግን እዚያው እንቆይ። ለቅቀን ብንሄድ ሕዝቡን ለቡልጋሪያ አሳልፈን መስጠት ነው የሚል ነበር የግሪኮቹ ክርክር። አልለቀቁም፤ ሕዝቡስ ምን ሆነ? ምሥራቅ መቄዶንያና ምዕራብ ትራክያ ለቡልጋሪያ ተሰጡ። ሴፕቴምበር 1941 ላይ ድራማ አካባቢ አመፅ ሲነሣ የቡልጋሪያ ጦር መንደር ለመንደር እየዞረ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። ማርች 1943 ላይ ደግሞ ከካቫላ፣ ከድራማ፣ ከሴሬስ፣ ከዛንቲ፣ ከኮሞቲኒ ከ4000 በላይ አይሁዶች በሌሊት ከቤታቸው ተለቅመው በባቡር ተጫኑ። መንገዱ በየት በኩል እንደነበረ ያውቃሉ?

አድናቂው፦ በሲዲሮካስትሮ።

ተጠራጣሪዋ፦ በሲዲሮካስትሮ፣ በስትሪሞን ሸለቆ ወደ ሰሜን። ከዚያ ሎም ወደብ፣ ከዚያ በዳንዩብ ቪየና፣ ከዚያ ትሬብሊንካ። እርስዎ የማይደፈር በር የሚሉት ያው ሸለቆ ነው። የአራቱን ቀን ውጊያ የሚተርክ ሰው ሁሉ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ በር ማን እንዳለፈ ሳይናገር ታሪኩን ይዘጋል። የኔ ቅሬታ ይኼ ነው። ምሽጉ አልተደፈረም የሚለው ወሬ፣ የተደፈረውን ሁሉ ከኋላው ይደብቃል።

አድናቂው፦ ይህን ለወታደሩ አትጫኝበት። እሱ በሩ ላይ ነበር፤ በሩን የከፈተው ፊርማ ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ለወታደሩ አልጫንኩም። ለተራኪው ነው የጫንኩት፤ እርስዎንም ጨምሮ።

አድናቂው፦ ልክ ነሽ ልበልና፣ ግን አንድ ነገር አትርሺ። ተራኪው የግሪክ ወገን ብቻ ቢሆን እንደ ፉከራ እቆጥረው ነበር። ምሽጉን ሲረከቡ ጀርመኖቹ ለግሪኮቹ ሰላምታ ሰጥተዋል ይባላል፣ ይኼን ተዪው። ሜይ 4 ቀን 1941 ሂትለር ራሱ በራይኽስታግ ፊት ቆሞ የግሪክ ወታደር በድፍረት ተዋግቷል ብሏል። ምርኮኞቹንም ለቋቸዋል። ጠላት ሳይወድ የመሰከረው ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ ሳይወድ ነው የሚሉት? እኔ ወድዶ ነው እላለሁ። ጠላቱን ጀግና ያለ አሸናፊ የራሱን ድል ነው ከፍ የሚያደርገው። ለዚያ ንግግር ወር ሳይሞላው፣ ጁን 3፣ ቀርጤስ ላይ ካንዳኖስን መንደሩን እንዳለ አፍርሰው ሰዎቹን ገደሉ። ዲሴምበር 1943 ካላቭሪታ ላይ፣ ጁን 1944 ዲስቶሞ ላይ እንዲሁ ሕዝብ ፈጁ። ምስክርነቱን የሰጠው እጅ ይኼ ከሆነ፣ እኔ የሩፔልን ወታደር ለማክበር የሂትለር ፊርማ አያስፈልገኝም።

አድናቂው፦ ይኼንስ ወድጄዋለሁ። የሂትለርን ነገር አንሥቻለሁ፤ መልሼ ወሰድኩት።

ተጠራጣሪዋ፦ እንግዲያው ያለ እሱ ይንገሩኝ። ዱራጾስን ምኑ ነው የሚያስደንቅዎ?

አድናቂው፦ ኤፕሪል 9 ማታ ነው። የምሥራቅ መቄዶንያው አዛዥ ጄኔራል ባኮፑሎስ ተሰሎንቄ ላይ ፈርሟል። ጀርመኖች ነጭ ጨርቅ ይዘው መጥተው፣ አለቆችህ ፈርመዋል፣ ክፈት አሉት። እሱ፣ እኔ ከእናንተ ትእዛዝ አልቀበልም፣ ከበላዬ ይምጣልኝ አለ። ትእዛዙ በራሱ ወገን ተረጋግጦ እስኪመጣለት ቆየ፣ ምሽጉን ያስረከበው በማግሥቱ፣ ኤፕሪል 10 ነው። አየሽ፣ በዚያች ሌሊት የሚከፍትበት ምክንያት ሁሉ ነበረው። ተሰሎንቄ ወድቃለች፣ ደጀን የለውም፣ የሚመጣለት የለም። አልከፈተም።

ተጠራጣሪዋ፦ ትእዛዙ ኤፕሪል 10 ሳይሆን ኤፕሪል 6 ጠዋት ቢደርሰውስ?

አድናቂው፦ ያስረክብ ነበር። ወታደር ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ እንግዲያው የ1916ቱ አዛዥ ከእሱ በምን ያንሳል? እሱም ተኮሰ፣ እሱም ትእዛዝ መጣለት፣ እሱም ታዘዘ። ልዩነቱ ወረቀቱ የደረሰበት ሰዓት ነው። አንዱ ጀግና ሌላው የውርደት ስም የሆነው የበላያቸው ሰውዬ ብዕሩን ባነሣበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

አድናቂው፦ ይኼ ነገርሽ ከበደኝ።

ተጠራጣሪዋ፦ ይክበድዎ እንጂ ይመልሱልኝ።

አድናቂው፦ የምመልስልሽ እንዲህ ነው። የ1916ቱን አዛዥ አልወቅሰውም፤ ብወቅሰው አቴናን ነው። ግን ደግሞ አንቺ ሁለቱን ትእዛዝ አንድ ያደረግሽው ትእዛዝ ስለሆኑ ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ ገና ሊዋጋ የሚችል ሠራዊት ይዞ፣ አትዋጉ አለ። ሁለተኛው፣ መዋጋቱ የሰው ሕይወት ከመጨረስ በቀር ምንም የማያመጣ ሲሆን፣ በቃችሁ አለ። ባኮፑሎስ አንድ ቀን አዘግይቶ ቢፈርም ሩፔል አንድ ቀን የበለጠ ይዋጋ ነበር፣ አንቺም ዛሬ፣ ለምን በከንቱ አስፈጃቸው ብለሽ ትጠይቂኝ ነበር።

ተጠራጣሪዋ፦ እጠይቅዎ ነበር።

አድናቂው፦ እንግዲያው በየትኛው ሰዓት ቢፈርም ነው ዝም የምትዪኝ?

ተጠራጣሪዋ፦ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ኤደን ታቶይ ላይ ሲጠይቃቸው፣ ጦሩን ወደ አሊያክሞን ቢያነሡት።

አድናቂው፦ አንዲት ጥይት ሳይተኮስ?

ተጠራጣሪዋ፦ አንዲት ጥይት ሳይተኮስ።

አድናቂው፦ ምሽጉን ለቡልጋሪያ ትተው፣ በትእዛዝ፣ ልክ እንደ 1916? ይህን ትእዛዝ አቴና ላይ ሆኖ የሚፈርም ግሪካዊ እስቲ ፈልጊልኝ።

ተጠራጣሪዋ፦ አላገኝልዎትም። የፓፓጎስ እጅ የታሰረው ለዚህ ይመስለኛል። ዩጎዝላቪያን ጠበቅኩ ያለው እውነቱን ነው፤ ግን ሃያ አምስት ዓመት ያስቆጠረውን ያን «ምሽጉን ለቀቀ» የሚል ስም ደግሞ መሸከም የሚችል አልነበረም። ስለዚህ ያ ሁሉ ወታደር እዚያ የቆየው የኤፕሪልን ጀርመን ለማስቆም ነው ወይስ የሜይ 1916ን ኀፍረት ለማጠብ?

አድናቂው፦ ለሁለቱም ቢሆንስ? ለአንዱ ብቻ የሚሞት ወታደር አይቼ አላውቅም።

ተጠራጣሪዋ፦ ለሁለተኛው የሞቱትን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።